ባትሪ ገዛሁ፣ ሞተሪኖ ቀየርኩ፤ ችግሩ ግን አንድ ቡሎን ሥር ነበር

ይህን የምጽፈው ባለፈው ክረምት ሞተር ሳይክሌ በስታርት አልነሳ ሲል ችግሩን እንዴት እንደምፈልግ የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው። ባገኝ ኖሮ ከ10,000 ብር በላይ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር። እህቴም ለሥራ ቃለ መጠይቋ አታረፍድም ነበር።

የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ለሥራ ወደ ይርጋለም እመላለሳለሁ። ሞተር ሳይክሌ የህንድ ሥሪት ሆኖ 150 ሲሲ ነው። በእግር የሚመታ ማስነሻ ስለሌለው በስታርት ካልተነሳ ያለው አማራጭ መግፋት ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጠዋት ጠዋት እያቃሰተ መነሳት ጀመረ። በሳምንቱ እህቴን ከኋላ አስቀምጬ ስታርቱን ስጫነው አንዴ ጠቅ አለና ዝም። በዝናብ ውስጥ ባጃጅ ፍለጋ ሮጥን።

የተለመደውን ሁሉ አየሁ፦ ማርሹ ፎሌ (ምንም ማርሽ ያልገባበት) ላይ ነው፣ የጎን ማቆሚያው ተነስቷል፣ ቀይዋ ማጥፊያ በቦታዋ ናት፣ ፊውዙ ደህና ነው።

ድምፁንም አዳምጡ። መብራቱ እየበራ ስትጫኑት ምንም ድምፅ ከሌለ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከስታርት መጫኛው፣ ከፍሪሲዮኑ (ከክላቹ) ስዊች ወይም ወደ ሪሌው (ትልቁን ኃይል ከባትሪው ወደ ስታርቱ ሞተር የሚያሳልፈው ማብሪያ) ከሚሄደው ቀጭን ሽቦ ነው። ጠጠጠጠ ካለ ብዙ ጊዜ ባትሪው ወርዷል። አንዴ ጠቅ ብሎ ከቆመ ወይም እየጎተተ ከዞረ ብዙ ጊዜ ትልቁ ኃይል የሆነ ቦታ እየታገደ ነው። እየዞረ ካልተነሳ ደግሞ ስታርቱን ተዉት፤ ካንዴላና ነዳጁን እዩ።

የኔ ሦስተኛው ዓይነት ነበር። ያኔ ግን ይህን አላውቅም። ከሞተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ ባትሪውን አስሞሉ፣ ካልሆነ ባለሙያ ጋር ውሰዱ ይላል። አስሞላሁ፣ አልሆነም። በ4,200 ብር አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ አሁንም ያው ነው። ከዚያ ጋራዥ ወሰድኩት።

የጋራዡ ሰው ቴስተር (ቮልት መለኪያ) እንኳ አላወጣም። ካቻቪቴ አንስቶ የሪሌውን ሁለት ወፍራም ጫፎች አገናኛቸው። ብልጭታው ያስደነግጣል። ኢንጅኑ አሁንም እየጎተተ ዞረ። "አየህ፣ ሪሌውን ዘልዬውም ያው ነው፤ ሞተሪኖህ ተቃጥሏል" አለኝ። ሞተሪኖ ስታርት ስንጫን ኢንጅኑን የሚያዞረው ትንሹ ሞተር ነው። ነገሩ እውነት መሰለኝ። ግን ያ ሙከራ የሚነግረን ሪሌው ጥፋተኛ አለመሆኑን ብቻ ነው። ኃይሉ በሪሌው አልፎ ሞተሪኖውን አዙሮ በኢንጅኑ አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። የመመለሻውን መንገድ ማንም አላየውም። እኔም አልጠየቅኩም፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሞተሪኖ 5,500፣ የእጅ 800 ብር ከፈልኩ።

አዲሱ ሞተሪኖ ሲገባ እንደ ጥይት ተነሳ። ባለሙያውን አመሰገንኩት። በዘጠነኛው ቀን ይርጋለም ላይ ጠቅ! መልሼ ብወስድለት "የገዛኸው ባትሪ ነው መጥፎው" አለኝ። እሱ ራሱ ነበር ባትሪው ጥሩ ነው ያለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጋራዥ አልሄድኩም። ቴስተር ገዝቼ እሁድ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ባትሪው ሳይነካ 12.7 ቮልት ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ኃይል ሳይሳብበት የደከመ ባትሪም ጥሩ መስሎ ይታያል። መለካት ያለበት ስታርቱ ተጭኖ እያለ ነው። ጓደኛዬ ስታርቱን ሲጫን 11.4 አለ። ባትሪው ደክሞ ቢሆን ከ9.5 በታች ይወርድ ነበር። ባትሪው ደህና፣ ሞተሪኖው አዲስ፣ ኢንጅኑ ግን ይጎተታል። ቀሪው ሽቦ ነው ማለት ነው።

አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የኢንጅን ብረት ላይ አደረግኩ። ስታርቱ ሲጫን 3.1 ቮልት! እዚህ ቦታ ላይ ከ0.2 ብዙም መብለጥ የለበትም። ከባትሪው የወጣው ኃይል ሩብ ያህሉ መመለሻው ላይ እየጠፋ ነበር።

ከኔጌቲቭ ወደ ኢንጅኑ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ፣ ማሳ የሚሉትን፣ ፈታሁት። የሚታሰረው ከሞተሪኖው ጋር በአንድ ቡሎን ነው። ሥሩ ቀለም ነው፣ በቀለሙ ዙሪያ ዝገት። ለፋሲካ ሞተሩን ቀለም ያስቀባሁት እኔ ራሴ ነኝ። ቀቢው ሳይፍቀው መልሶ አሰረው፤ እስከ ክረምት ኃይሉ በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ሲያልፍ ከርሞ ዝናቡ ሲገባ ዛገ። ሞተሪኖው ሲቀየር ቡሎኑ ስለተፈታና ስለተፋቀ ነው ዘጠኝ ቀን የሠራው።

ምልክትም ነበረው። በዚያ ሰሞን ስታርት ስጫን የፍሪሲዮኑ ካቦ ይሞቅ ነበር፣ የላስቲክ ሽታም ይሸተኝ ነበር። ማሳው ሲዘጋበት ኃይሉ በካቦው በኩል ይመለስ ነበር። በእጄ እየነካሁት ዝም አልኩት። የእናንተ ከሞቀ ሌላ ምንም ሳትመረምሩ ማሳውን ፍቱ።

ማሳውን ከመፍታቴ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቅቄ ነበር። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፣ አጥብቄ አሰርኩት፣ ግራሶውን የቀባሁት ካሰርኩ በኋላ ከላይ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱ ዋጋ 20 ብር። እንደገና ስለካው 0.1 ቮልት። ያን ቀን በጣም ነው የኮራሁት።

መጽሐፉ የሚለውን ተዉት፤ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ስታርቱ እየተጫነ በሁለቱም ወፍራም ሽቦዎች (ከፖዘቲቭ ወደ ሞተሪኖው በሚሄደውና በማሳው) ላይ ለኩ። ካቻቪቴ የሚያገናኝባችሁን ሰው አስቁሙት፤ ባትሪ አጠገብ ብልጭታ አደገኛ ነው፣ ማርሽ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ዘሎ ይሄዳል። የተቀየረ ዕቃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

አሮጌው ባትሪዬ ተሞልቶ ቤት አለ፣ እስከ አሁን ደህና ነው። አሮጌውን ሞተሪኖ ግን ጋራዥ ትቼው ነበር። ሄጄ ስጠይቀው ሸጥኩት አለኝ። ተቃጥሏል ያለኝን ሞተሪኖ።