ገመዱ ስንት ኒውተን ይጎትታል?

የፊዚክስ ጥያቄ ሲመጣ ቀመር ፍለጋ አልሮጥም። መጀመሪያ እሥላለሁ። ልማዱ የያዘኝ አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ፣ ፑሊ (ገመድ የሚዞርበት ትንሽ ጎማ) ያለባቸውን ጥያቄዎች ስሠራ ነው።

አንዱ ይኸው። ጠረጴዛ ላይ 3 ኪሎ ግራም እቃ አለ። የታሰረበት ገመድ በፑሊ ዞሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ 2 ኪሎ ግራም ተንጠልጥሏል። ፍሪክሽን (ሰበቃ) የለም። አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) እና ቴንሽኑ (ገመዱ የሚጎትትበት ኃይል) ስንት ነው?

ሁለቱን እቃዎች ለየብቻ ሣልኩ፤ የሚያርፍባቸውን እያንዳንዱን ኃይል በቀስት አመለከትኩ። ከዚያ እያንዳንዱን ቀስት "የማን ነህ?" ብዬ ጠየቅኩ። መሬት ወደ ታች ትስባለች፣ ጠረጴዛው ወደ ላይ ይገፋል፣ ገመዱ ይጎትታል። ባለቤት የሌለው ቀስት ይሰረዛል። ብዙ ተማሪ እቃው ስለሚንቀሳቀስ ብቻ ወደ ፊት የሚጨምራት ቀስት አለች አይደል? እሷ እዚህ ጋ ትወድቃለች። ማስ (በኪሎ ግራም የሚለካው መጠነ ቁስ) ሲባዛ በአክስለሬሽንም ለብቻው ቀስት አይሆንም፤ የቀስቶቹ ድምር ነው።

የመሬት ስበትን 10 ብለን እንያዝ። የተንጠለጠለው ላይ፣ 20 ሲቀነስ ቴንሽን እኩል ነው 2 ጊዜ አክስለሬሽን። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሚጎተተው በገመዱ ብቻ ስለሆነ፣ ቴንሽን እኩል ነው 3 ጊዜ አክስለሬሽን። ሁለቱን ስንደምር ቴንሽኑ ይጠፋፋል፤ 20 እኩል ነው 5 ጊዜ አክስለሬሽን። መልሱ 4 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ ቴንሽኑ ደግሞ 12 ኒውተን።

ስንቱ ነው እዚህ ጋ 20 ላይ የሚያከብበው! ገመዱ በ20 ኒውተን ቢይዘው ኖሮ የተንጠለጠለው እቃ መፍጠን ባልቻለ ነበር። እየፈጠነ እስከወረደ ድረስ ቴንሽኑ ከክብደቱ ማነስ አለበት።

ፍሪክሽን ሲገባ የሚጨመረው አንድ ቀስት ብቻ ነው። የኪነቲክ ፍሪክሽን ኮኤፊሸንት (እቃው ሲንሸራተት ፍሪክሽኑ ጠረጴዛው ወደ ላይ ከሚገፋበት ኃይል ስንት እጅ እንደሆነ የሚነግር ቁጥር) 0.2 ከሆነ፣ ከ30 ኒውተኑ 6 ኒውተን ወደ ኋላ ይይዛል። አክስለሬሽኑ ወደ 2.8 ይወርዳል፣ ቴንሽኑ ወደ 14.4 ይወጣል። ቴንሽኑ መጨመሩ ግራ ካጋባችሁ የተንጠለጠለውን ብቻ እዩት፦ ቀስ ብሎ የሚፈጥነው ገመዱ ጠበቅ አድርጎ ስለያዘው ነው።

መልሴን የምፈትሸው ቁጥሮቹን በማጋነን ነው። ፍሪክሽን በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማስ ዜሮ ባደርገውስ? አክስለሬሽኑ 10 መሆን አለበት፤ በነፃ እንደሚወድቅ እቃ ማለት ነው። ተራራ ቢያክልስ? ወደ ዜሮ ይጠጋል። መልሴ እንዲህ ካላለ ተመልሼ ሥዕሉን አያለሁ።

የሊፍት ጥያቄም በዚሁ ይፈታል። ሚዛን ላይ የቆመ 60 ኪሎ ግራም ሰው ሁለት ቀስት ብቻ አለው፦ ከመሬት 600 ኒውተን ወደ ታች፣ ከሚዛኑ ወደ ላይ። ሊፍቱ በ1 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ወደ ላይ ሲነሳ ሚዛኑ 660 ያነባል። በእኩል ፍጥነት ሲወጣ 600። ፎቅ ሊደርስ በዚያው መጠን ፍጥነቱን ሲቀንስ 540፤ ሰውየው ገና እየወጣ ነው፣ አክስለሬሽኑ ግን ወደ ታች ዞሯል።