የሐይቅ ንስሮች ከመስከረም እስከ መስከረም

ደሴ ላይ «ወፍ ለማየት ሐይቅ እየሄድኩ ነው» ስል ሰው ይስቃል። «እዚህ አሞራ ጠፍቶ ነው?» ይሉኛል። የምሄደው ግን ለአንድ ቤተሰብ ነው። ባል፣ ሚስትና፣ ከተሳካላቸው፣ አንድ ልጅ። አድራሻቸው ውሃው ዳር ያለ ትልቅ ዋርካ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከደሴ ሚኒባስ ይዞ በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ያን ትልቅ የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት ቦሩ ሜዳ ነው። ከሚኒባስ መስኮት ግን የሚታየው ሜዳና ብርድ ብቻ ነው። ሐይቅ ከተማ ወርዶ በባጃጅ ወደ ውሃው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው። እሱ ለራሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ አልፈዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሳ በጠዋት መድረስ ይሻላል።

ዋርካው ላይ የሚኖሩት ዓሣ በል ንስሮች ናቸው። ጭንቅላታቸው፣ ደረታቸውና ጅራታቸው ነጭ ነው። ትከሻቸው ቡናማ፣ ክንፋቸው ወደ ጥቁር ይሄዳል። ሁለቱን ለመለየት መልክ ሳይሆን መጠን ማየት ነው። ሚስቲቱ ትበልጣለች። ክንፏን ስትዘረጋ ከጫፍ ጫፍ 2 ሜትር ታልፋለች። ድምፃቸውን የሰማ አይረሳውም፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። አንዴ ከተጣመሩ አብረው ይኖራሉ፤ ጎጆውንም በየዓመቱ ያድሱታል። በየዓመቱ እንጨት ስለሚጨመርበት አሁን የአልጋ ስፋት አለው።

ዋርካው እስካሁን የቆመው አድባር ስለሆነ ነው። ይህን የነገሩኝ ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ማን ይነካዋል ልጄ? ሰው ቡና አፍልቶ ዱዓ የሚያደርግበት ነው» አሉኝ። አካባቢው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ባሕር ዛፍ ይረዝማል እንጂ ይህን የሚያህል ጎጆ የሚሸከም ቅርንጫፍ የለውም። ወፉ እዚህ የሚኖረው ለዓሣው ብቻ አይደለም ባይ ነኝ።

መስከረም ላይ እንጨት ማመላለስ ይጀምራሉ። ጥቅምት ሲጋመስ ሚስቲቱ ጎጆው ውስጥ ጋደም ትላለች፤ ነጭ ጭንቅላቷ ብቻ ይታያል። 42 ወይም 45 ቀን መታቀፍ አለ። ባልየው አልፎ አልፎ ይተካታል እንጂ ዋናው ሥራ የእሷ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ወቅት ለተመልካች አሰልቺ ነው። ዓሣ በል ንስር አብዛኛውን ቀን ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። እኔም ቁጭ፣ እሱም ቁጭ።

ከስልቹነት የሚያድነኝ በዚሁ ሰሞን የሚመጣው እንግዳ ነው። ኦስፕሬይ ይባላል። እሱም ዓሣ በል ነው፤ ጎጆው ግን ሰሜን አውሮፓ ነው። ወላጆቹ ተለያይተው ነው የሚጓዙት፤ ጫጩቶቹም በዚያው ዓመት ተወልደው ማንም መንገድ ሳያሳያቸው ብቻቸውን አፍሪካ ይደርሳሉ። እዚህ እንቁላል አይጥልም። በልቶ፣ ከርሞ፣ መጋቢት ላይ ይመለሳል። አጠማመዳቸው አይመሳሰልም። ንስሩ ዓሣውን ከውሃው ገጽ ላይ ላፍ ነው የሚያደርገው። ኦስፕሬይ ግን እግሩን አስቀድሞ ዘሎ ይገባል፤ ለአፍታ ሰውነቱ በሙሉ ይሰጥማል። ከዚያ ተነስቶ ራሱን አራግፎ፣ የዓሣውን ጭንቅላት ወደ ፊት አዙሮ ይበራል። አንድ ጠዋት እንዲህ ይዞ ሲነሳ ባልየው ከዋርካው ተወርውሮ አሳደደው። ሁለት ዙር አዞረው። ዓሣው ወደቀ። ባልየው ከውሃው ላይ አንስቶ ለሚስቱ ወሰደላት። ሽማግሌው ሳቁና «አረህ! የእንግዳ ምሳ ይቀማል?» አሉ።

ዓሣው ራሱ እንግዳ ነው። ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተጨመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ የአጥማጁም የንስሩም ቀለብ እሱ ሆኗል።

ታኅሣሥ ላይ ጫጩት ይወጣል። ሁለት ነበሩ፤ በኋላ አንዱን ብቻ ነው የማየው። ታላቁ ታናሹን መደብደቡ በንስሮች ዘንድ የታወቀ ነው፤ እዚህ ምን እንደተፈጠረ ግን ከታች ሆኖ አይታይም። የቀረው በደንብ በላ። ጥር ላይ ያየሁት አደን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ባልየው አንድ ትልቅ ቆሮሶ ጨበጠ፣ መነሳት ግን አቃተው። አልለቀቀም። ውሃው ላይ ተኝቶ በክንፉ እየቀዘፈ ዳር ድረስ ጎተተው። ደርሶ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ቆየ፤ ጥፍሩ የዓሣው ጀርባ ውስጥ እንደተተከለ ነው። የእግሩ መዳፍ ሻካራ ስለሆነ የሚያዳልጠው ዓሣ አያመልጠውም። ከዚያ ሚስቲቱ መጣችና ወሰደችበት። ምንም አላለም።

በባይኖኩላር ሳይ ያልወደድኩት ነገር አለ። ከእንጨቱ መሀል የተበጠሰ የናይለን መረብ ተንጠልጥሏል። ወፏ እንደ ሣር ቆጥራ ያመጣችው ነው። የጫጩት እግር ከተጠላለፈበት አለቀለት። ለሽማግሌው ስነግራቸው ዝም ብለው ወደ ዳሩ ሄዱ፤ የወዳደቀ መረብ እየለቃቀሙ በከረጢት ከተቱ። «አብሽር፣ ይህንንም ለልጆቹ እነግራለሁ» አሉኝ።

የካቲት አጋማሽ ላይ ልጁ በረረ። በልግ ሲገባ ቡናማና ዥንጉርጉር ሆኖ ቅርንጫፍ ላይ እየጮኸ ምግብ ይለምን ነበር። ጭንቅላቱ ለመንጣት 5 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ክረምት ሐይቅ መሄድ ጭቃና ጉም ነው፤ ብዙም አላየሁ።

በቀጣዩ መስከረም ስመለስ አባትየው ያንኑ ልጅ ከዋርካው እያባረረ ነበር። አዘንኩለት። ሽማግሌው ግን አላዘኑም። «አድጎ የለ እንዴ! ወጥቶ ይሞክረው» አሉ። ሚስቲቱ አዲስ እንጨት ይዛ መጣች።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ በጥቅምትና በኅዳር ከዋርካው ራቅ በሉ፤ ሰው ሲጠጋ ከእንቁላሉ ላይ ትነሳለች። ከታኅሣሥ ወዲህ ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ጥሩ ነው። ጀልባ ከያዛችሁ ሞተሩን ከሩቅ ያጥፋና በመቅዘፊያ ይጠጋ። ጃኬት ያዙ፤ ሐይቅ በጠዋት ይበርዳል።