ሰብለ ለምን ቀድማ አልጠፋችም?

አንድ ክፍል ሙሉ ጎረምሳ ፊት ቁሙና "የዚህ ልቦለድ ጭብጥ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚሆነውን ልንገራችሁ። ከፊት ወንበር ሁለት ሦስት ልጆች እጅ ያወጣሉ። "የፊውዳሉ ሥርዓት በደል" ይላሉ። የቀረው ተማሪ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። አለቀ። መጽሐፉን ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ነው የሚመልሰው፤ መልሱ ከታላላቆቹ ደብተር ሲወርድ ሲዋረድ የደረሰው ነዋ።

ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። የማወራው ስለ "ፍቅር እስከ መቃብር" ነው። ሌሎችም ድርሰቶች እናነባለን፤ ግን ልጆች ነገሩ ሲነካቸውና ሳይነካቸው ምን እንደሚመስሉ በደንብ ያየሁት በሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ። የዛሬ ልጅ ይሄን አያነብም ይሉኛል። ሁሉም አያነብም፣ እውነት ነው። ያኔስ ሁሉም ያነብ ነበር እንዴ?

መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምራት ቤታቸው ሲገባ አንዱ ከኋላ "ቲቸር፣ አስጠኚዋ ነው ማለት ነው?" አለኝ። ክፍሉ ተናጋ። "አስጠኚ ቀጥረው ጉዳቸው ፈላ!" አለ ሌላው። እንዲህ ያለ ሳቅ የሚያናድዳቸው መምህራን አሉ፣ ሥራው ክብሩ ተነካ ብለው። እኔ ደስ ይለኛል። ልጁ ሁለት ወጣቶች አንድ ደብተር ላይ አጎንብሰው ሲቀመጡ ምን ሊመጣ እንደሚችል ገብቶታል፣ እኔ ሳልነግረው "ንግር" የሚባለውን፣ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁመውን የሴራ ዘዴ ራሱ ደርሶበታል፤ ስሙን በኋላ ብነግረው ይበቃል።

ከሳቁ ቀጥሎ ንዴት ይመጣል። እዚህ ላይ ጥያቄዬን ቀየርኩ። ጭብጡን ትቼ "ማን አናደዳችሁ?" እላለሁ። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ዝም ማሰኘት ነው ችግሩ። ወንዶቹ በዛብህ ላይ ይዘምታሉ፤ ፈሪ ነው፣ ልፍስፍስ ነው፣ ወንድ አይደለም። ወላጆቹ ገና ሕፃን ሳለ ለቤተ ክርስቲያን በስለት እንደሰጡት አስታውሳቸዋለሁ። እሱን ማን ጠየቀው? "እሱስ" ይላሉ፣ ግን አይምሩትም። ከዚያ ወደ ሰብለ ይዞራሉ፦ ለምን ቀድማ አልጠፋችም? አንዲት ብዙ የማታወራ ልጅ "የት ነው የምትሄደው? አንተ መንገዱ የሚቀልህ ወንድ ስለሆንክ ነው፤ እሷ ስትወጣ እንኳ ማንነቷን ደብቃ ነው" ብላ መለሰች። የዚያን ቀን ደወሉ ተደውሎም የወጣ አልነበረም። ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ፣ ቀጥሎ የነበረው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው።

ፊታውራሪ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል። ለልጃቸው ባል የመጣውን ሁሉ "ዘሩ አይመጥነንም" እያሉ ሲመልሱ ሲመልሱ የሰብለ ዕድሜ ያልፋል። ደብተር ላይ ይሄ "ፊውዳላዊ አስተሳሰብ" ነው። አንድ ልጅ ግን እጁን አውጥቶ፣ "ቲቸር፣ የኛም ቤት እኮ ይጠየቃል" አለ። ታላቅ እህቱ ይዛው የመጣችውን ልጅ ቤተሰቡ ከየት ነው፣ የማን ወገን ነው ብሎ እንደመለሰው ተናገረ። ዝም አልን፤ ሁላችንም። በሁላችንም ቤት በየፊናው የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ደግሞ መልሱ የሚያስፈራ ሆኗል። ምን እንደምል ቸገረኝ፣ "የጠየቁት እነማን ናቸው፣ እናት ናት አባት?" ብቻ አልኩ። እሱም ቀጠለ።

ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ጭብጥ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ የመጣ ነው። መልሱ ውሸት ነው አልልም። ሐዲስ ዓለማየሁ ያን ሥርዓት እንደነቀፉ ማንም አይክድም። ግን "ፊውዳሊዝም" ስትሉት ነገሩ ሞቶ የተቀበረ ይሆንና ልጁ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። አባቱ ግን እዚያው ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል።

ጉዱ ካሳን ይወዱታል። ያገሬው ሰው እብድ የሚለው፣ እሱ ደግሞ አገሬውን እብድ የሚል ሰው እንዴት አይወደድ! "አሁን ቢኖር ቲክቶከር ይሆን ነበር" አለኝ አንዱ። "ከዚያስ?" ስለው "ከዚያማ ሪፖርት ተደርጎ ይዘጋበታል።" ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ባወራ እንደዚህ አልገልጸውም።

ለማያነቡት ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ አለ። በሬዲዮ የተረከውን ስልኬ ላይ ይዤ፣ ትንሽ ስፒከር ገዝቼ አሰማቸዋለሁ። ማንበብ መሆን አለበት የሚል ባልደረባ አለኝ። የወላጆቻችን ትውልድ ብዙው መጽሐፉን ያወቀው በጆሮው አይደለም እንዴ?

ጎጃም ያደገ አንድ ተማሪ ነበረኝ። አጎቱ ቅኔ ቤት ቆይተዋል። እኛ ቆሎ ተማሪ፣ ደብተራ ሲባል ፎቶ ለምናየው እሱ ሕይወቱን ይተርክልን ነበር። ቅኔ ቤት ተማሪ "መልእክቱ ምንድን ነው" ተብሎ ብቻ አይቀርም፤ ከሁለት ቤቷ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ በነጋታው ሌላ ይዞ ይመጣል። ሰምቶ ዝም ማለት የለም። እኛ ዘመናዊ ነን የምንለው ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አድርገን እናስከብባለን።

ፈተናው እንዳለ ነው፣ አልዋሽም። እዚያ ላይ "የፊውዳሉ ሥርዓት በደል" የሚለውን ክበቡ እላቸዋለሁ። ከኔ ዘንድ ያለው አሥር ነጥብ ግን ለአንዱ ገጸ ባሕርይ በሚጽፉት ደብዳቤ ነው። ለሰብለ ይበዛል ብዬ ስጠብቅ ባለፈው ጊዜ ብዙው የተጻፈው ለእናቷ ለወይዘሮ ጥሩአይነት ሆኖ አገኘሁት፤ "እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?" የሚል። ስድብ ካለበት ነጥብ እቀንሳለሁ። ለፊታውራሪ የተጻፈ ከሆነ ግን ትንሽ እያየሁ አልፋለሁ።