አራስ "በረደኝ" ስትል

አራስ "በረደኝ" ብትል ደሴ ውስጥ ማንም አይደነግጥም። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ሰሞን ጤነኛውም ይንቀጠቀጣል። ዘመድ ጋቢ ይደርባል፣ ትኩስ አጥሚት ያቀርባል። እኔ ግን አዋላጅ ነርስ ነኝና ይህች ቃል ከምጥ ጩኸት ይልቅ ታስደነግጠኛለች።

ከወሊድ በኋላ መንቀጥቀጥ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜም ችግር የለውም። ግን ብርዱ ከደም መፍሰስም ሊመጣ ይችላል። ያኔ ፊቷ ይገረጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልባታል፣ የልብ ምቷ ይፈጥናል። የደም ግፊቷ ለጊዜው ደህና ሊመስል ይችላል። ወጣት ሰውነት ብዙ ይሸከማል፣ ከዚያ በአንዴ ይወድቃል። ጋቢው ደግሞ ደሙን ይደብቃል።

ትናንት ሌሊት ያጋጠመን ይኸው ነው። ልጁ በሰላም ተወለደ። እናቲቱ ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ ወዲያው ተወጋች፣ እንግዴ ልጁም ሙሉ ሆኖ ወጣ። ትንሽ ቆይታ "በረደኝ" አለች። አማቷ "ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታት ደርቢላት እንጂ" አሉኝ። "እሺ እማማ፣ መጀመሪያ ልያት" ብዬ ጋቢውን ገለጥ አደረግኩ። ከስሯ የተነጠፈው ጨርቅ በደም ርሷል። ሆዷን ስዳስስ ማህፀኗ እንደ ሊጥ ልስልስ ብሏል። ጠንክሮ መገኘት ነበረበት።

ተጣራሁ። እኔ ማህፀኗን ሳሽ አንዷ በሁለቱም ክንዶቿ ወፍራም መርፌ ተክላ ፈሳሽ ከፈተች፣ ኦክሲቶሲን ጨመረችበት፣ ለደም ዓይነት ናሙና ላከች። ሌላዋ ሽንቷን በካቴተር፣ በቀጭን ቱቦ፣ አወጣች፤ ፊኛ ከሞላ ማህፀን በደንብ አይኮማተርም። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ 1 ግራም፣ በደም ሥሯ ቀስ ተብሎ ተሰጣት። ይህ መድኃኒት የሚሰጠው ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ደግሞ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። የተቀደደ ቦታ እንዳለም አየን፣ የለም። ማህፀኗ እጄ ሥር ሲጠነክር ተሰማኝ።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የተለማማጇ ነገር ነው። ከራስጌ ቆማ እጇን ያዘቻት። "እህቴ፣ አይዞሽ፣ አሁን መርፌ ነው። አሁን ሆድሽን ትጫናለች፣ ያምሻል፣ ደሙን ለማቆም ነው።" ሁሉንም ነገረቻት። ከዚያ ወጣ ብላ ለአማቷ አስረዳች። አምስት ሰው ሲረባረብባት ማንም ሳያናግራት የምትቀር እናት ምን ያህል እንደምትፈራ አይቻለሁ። ማናገርም ሕክምና ነው ብዬ አምናለሁ።

ደምን በዓይን መገመት አልወድም። ዓይን ያሳንሳል፣ በተለይ ጨርቅ የጠጣውን። የራሰውን ጨርቅ መዝኖ የደረቁን ክብደት መቀነስ ቀላል ነው። 1 ግራም በግምት 1 ሚሊ ሊትር ነው። 500 ሚሊ ሊትር ሲሞላ መሯሯጥ ከመጀመር፣ ከዚያ በፊት ማወቅ ይሻላል።

ኮምቦልቻ የምትሠራው ጓደኛዬ ጭንቀቷ ሌላ ነው፤ ሙቀቱ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምትሮጠው ወደ ፍሪጁ ነው። እናት ወደ ደሴ ሪፈር ስትልክም የሐረጎን አቀበት እስኪወጡ ድረስ አብራ የምትሄደው ነርስ እጇን ከእናቲቱ ማህፀን ላይ እንዳታነሳ አደራ ትላለች።

ጠዋት ርክክብ ላይ በየ15 ደቂቃው የለካነውን አስረከብኩ። ደህና ናት፣ ልጇን እያጠባች ነው። ሰኞ የክፍሉን ኃላፊ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ለአራሶች ክፍል የምትሆን ትንሽ ሚዛን።