ሰነድ መስሎ የሚገባ ስክሪፕት

ባለፈው ሳምንት አንድ የኮምቦልቻ ትራንዚተር ላፕቶፑን ይዞ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ፒያሳ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ መጣ። የዕቃ ኢንቮይስ ነው ብሎ ከኢሜይሉ አውርዶ የከፈተው ፋይል ምንም ሳያሳየው ቀርቶ፣ ከዚያ በኋላ ግን እርሱ ያልጻፋቸው መልእክቶች በስሙ ለደንበኞቹ ይደርሱ ጀመር። «ወንድሜ፣ ላኪው እኮ ለዓመታት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው» አለኝ። የፋይሉ ስም «ኢንቮይስ ነጥብ ፒዲኤፍ» ይላል፤ ምልክቱ ግን እንደ ክታብ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ዊንዶውስ የደበቀውን የስሙን መጨረሻ ስገልጠው «ነጥብ ጄኤስ» የሚል ተከትሎ አገኘሁ፤ ይህ የጃቫስክሪፕት ምልክት ነው፣ ማለትም ፋይሉ ሰነድ ሳይሆን ኮምፒውተሩ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ስክሪፕት ነው።

ጃቫስክሪፕት በብራውዘር ውስጥ ሲሠራ ፋይሎቻችንን እንዳይነካ ታጥሮ ነው፤ የኢሜይል ፕሮግራሞችም በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ስክሪፕት አያስኬዱም። አባሪው ወርዶ ሁለቴ ጠቅ ሲደረግ ግን ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት ለተባለው የራሱ ፕሮግራም ይሰጠዋል፤ ያ ፕሮግራም አጥር ስለሌለው የተጠቃሚው ሥልጣን የሚፈቅደውን ሁሉ፣ ሌላ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድንም ጨምሮ፣ ይፈጽማል።

«የማታውቀው ሰው የላከውን አትክፈት» የሚለው ምክር ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላምንም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ስክሪፕት የፍቅር ደብዳቤ መስሎ፣ «ነጥብ ቲኤክስቲ ነጥብ ቪቢኤስ» በሚል ድርብ ቅጥያ (የፋይል ስም መጨረሻ) ይላክ ነበር፤ የተጠቂውን የአውትሉክ አድራሻ መዝገብ ተጠቅሞ ራሱን ስለሚያሰራጭም ለብዙዎች የደረሳቸው ከሚያውቁት ሰው ነው።

ስለዚህ የላፕቶፑን ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከጫንሁ በኋላ ሁለት ነገር አስተካከልሁ። መጀመሪያ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» በሚለው ሥር «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አበራሁ፤ ከእንግዲህ ድርብ ስም ያለው ፋይል ሙሉ ስሙን ያሳያል። ቀጥሎ በ«ነጥብ ጄኤስ»፣ በ«ነጥብ ቪቢኤስ» እና በ«ነጥብ ደብልዩኤስኤፍ» የሚያልቁ የስክሪፕት ፋይሎች በኖትፓድ እንዲከፈቱ አደረግሁ። አሁን እጁ ቢቸኩልና ሁለቴ ጠቅ ቢያደርግ እንኳ የሚያየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ለሂሳብና ለጉምሩክ ሥራ ኢሜይል ለሚቀበል ሁሉ ይህን ሳላደርግ ኮምፒውተር አልመልስም፤ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

የይለፍ ቃሉ በዚያው መልእክት ተጽፎ የሚመጣ ዚፕ ፋይል ለብቻው መጠርጠር አለበት፤ ተቆልፎ የሚላከው ብዙ ጊዜ ፀረ ቫይረሱ ውስጡን እንዳያይ ነው። ማክሮ፣ ማለትም በሰነዱ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ስክሪፕት፣ ያለባቸውን የወርድና የኤክሴል ፋይሎች በተመለከተ፣ ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጣ ማክሮ በራሱ እንዲታገድ አድርጓል፤ የቆየ ኦፊስ የሚጠቀም ግን ማክሮ እንዲፈቀድ የሚለምነውን ቢጫ መስመር መጫን የለበትም።

ስክሪፕቱን አንዴ ያስኬደ ሰው ኮምፒውተሩን ወዲያው ከኢንተርኔት ይንቀል፤ የይለፍ ቃሎቹንም በዚያው ማሽን ሳይሆን በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ይቀይር። ከዚያም በኢሜይሉ ማስተካከያ ውስጥ ደብዳቤውን ወደማያውቀው አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ እንዳለ ይመልከት። በዚህ ትራንዚተር ሳጥን ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አግኝተን አጠፋን፤ እርሱም እዚያው ክፍሌ ተቀምጦ፣ «በስሜ የባንክ ሂሳብ ተቀይሯል የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ እንዳትከፍሉ» እያለ ለደንበኞቹ አንድ በአንድ ደወለ።