መዳመጫ በሌለበት ቤት ሳምቡሳ

ዓርብ ነው፣ ጾም። ከሥራ ስመለስ የሰፈራችን ሳምቡሳ ጠባሽ ዘግታ አገኘኋትና «ምን ይከብዳል?» ብዬ ራሴ ልሠራ ተነሣሁ።

ምስሩ አላስቸገረኝም። ሳይፈርስ አውርጄ ውኃውን በደንብ አጠለልሁት፤ ውኃ የያዘ ምስር ሊጡን ያርሰዋል፣ ዘይት ውስጥም ይተረትረዋል። ሽንኩርትና ቃሪያውን ጥሬውን ከትፌ ጨመርሁበት።

ጣጣው ሊጡ ላይ ነበር። መዳመጫ ስለሌለኝ የለስላሳ ጠርሙስ አጥቤ ዳመጥሁበት። አንድ በአንድ ማሳሳት ሲያታክተኝ ሁለቱን ደራርቤ፣ በመሃላቸው ዘይት ቀብቼና ዱቄት ነስንሼ አብሬ ዳመጥኋቸው። መጥበሻ ላይ ትንሽ ሞቅ ሲሉ ጫፋቸውን ይዤ ሳብሁ፤ እንደ ወረቀት ስስ ሆነው ተላቀቁ! እናቴ ብታይ «ስንፍና ብልሃት ያስተምራል» ትለኝ ነበር።

አራት ቦታ ቆርጬ ጠቀለልሁ፤ ማጣበቂያው በውኃ የተበጠበጠ ዱቄት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለሰሰትሁባቸው አፋቸውን ከፍተው ምስሩን ዘይቱ ውስጥ ዘረገፉት። የተረፉት ግን ኩርሽም ይላሉ።

የጎረቤቴ ልጅ አንዱን አገላብጦ አየና «ይህ ሳምቡሳ ነው ወይስ ትራስ?» አለኝ። ሦስት በላ።