ዶሮ ሲጮኽ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ፤ አደረሰን! ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!

ከአራዳ ጊዮርጊስ የተመለስኩት ገና አሁን ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት አልፏል። ነጠላዬ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ቤተሰቡ ፈስኳል። ልጆቹ ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደቀመሱ መልሰው ተኝተዋል። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ስልኬን አነሣሁ።

እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ዶሮ ነው። ጎረቤታችን ለበዓሉ የገዙት አውራ ዶሮ ከሐሙስ ጀምሮ ሮቶው ሥር በሲባጎ ታስሮ ነበር። ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ጮኸ። ቀኑ ስቅለት ነው። ለቤተ ክርስቲያን እየለበስኩ ነበር፤ ጩኸቱን ስሰማ እጄ ባለበት ቀረ። ጴጥሮስ ትዝ አለኝ።

በአገራችን ጾሙ የሚፈታው ዶሮ ሲጮኽ ነው። 55 ቀን የጾመ ሰው ሁሉ ያን ድምፅ ይጠብቃል። ጴጥሮስ ግን በዚያው ድምፅ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። እሱን ያስለቀሰው ጩኸት እኛን ወደ ማዕድ ይጠራናል። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ዓርብ ጠዋት ከሮቶው ሥር መጣልኝ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ብርድ ነበር። ሎሌዎቹ የፍም እሳት አንድደው ይሞቃሉ። ጴጥሮስም አብሮ ይሞቃል። ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፣ ሦስት ጊዜ ካደ። ከትንሣኤ በኋላ ደግሞ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሌላ ፍም አለ። ይህን ያነደደው ጌታ ራሱ ነው። ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ከበሉ በኋላ «ለምን ካድኸኝ?» አላለውም። «ትወደኛለህን?» አለው፤ ሦስት ጊዜ።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ጊዜ ተሰብኮልናል። እኔን አሁን የያዘኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። «በሸመገልህ ጊዜ እጆችህን ትዘረጋለህ» አለው። ምን ዓይነት አሟሟት እንደሚጠብቀው ሲነግረው ነው። ይሁን እንጂ እስቲ በጴጥሮስ ጆሮ ስሙት። አንዲት ሌሊት መጽናት ላቃተው ሰው «እስክትሸመግል ድረስ የእኔ ነህ» እያለው ነው። ከዚህ የበለጠ ምን የምሥራች አለ?

ስለ ራሴ ልናገር። ተመርቄ ሥራ ያጣሁበት ጊዜ ነበር። ያኔ ከጊዮርጊስ ደጅ አልጠፋም። ሥራ ካገኘሁ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ሥራውን አገኘሁ። ጃንጥላውንም ገዛሁ። ይዤ የሄድኩት ግን እኔ አይደለሁም። ስብሰባ ነበረብኝና እናቴን ላክኋት። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሌላ ስብሰባ መጣ። ዓመት ዓመትን ወለደ። «አላውቀውም» ብዬ አላውቅም፤ ማንም አልጠየቀኝማ። ጴጥሮስ በአንድ ሌሊት የካደውን እኔ በሰባት ዓመት ዝምታ ካድሁት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ዓርብ ዕለት ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ እማማን አገኘኋቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ አይወዱም። ድሮ ፒያሳ የአንድ ግቢ ሰዎች ነበርን። ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ እሳቸው ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከከተማው ዳር ወጡ። እኔ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ተከራይቼ ቀረሁ። ወር በገባ በ23 ግን ሁለት ታክሲ ቀይረው ይመጣሉ።

ጉልበታቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል። ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሣ እሳቸው ቅጥሩን ተደግፈው፣ ካርቶን ላይ ተቀምጠው፣ በግንባራቸው ብቻ ይሰግዳሉ። መቁጠሪያቸው የእንጨት ነው። ክሩ ሁለት ቦታ ተበጥሶ ተቋጥሯል። አውራ ጣታቸው ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ያልፋል። ዞሮ ይመጣል፤ ይቆማል፤ ያልፋል። ለብዙ ጊዜ ያን ጣት ሳይ ቆየሁ።

ስግደቱ ትንሽ ፋታ ሲያገኝ ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳያቋርጡ እንዴት ቻሉት?» አልኳቸው።

«አላቋረጠችም ብሎ ማን ነገረህ ልጄ?» አሉኝ። «የበኩር ልጄ ያረፈ ጊዜ ሁለት ዓመት ይሄን በር አልረገጥኩም። ተቀይሜው ነበር። በዚህ ሳልፍ ፊቴን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዞራለሁ።»

«ታዲያ ምን መለሰዎት?»

«ዝናብ። ከገበያ ስመጣ ያዘኝ። መጠለያ አጥቼ እዚህ ደጀ ሰላሙ ሥር ገባሁ። ሲያባራ ዘንቢሌን አንሥቼ ልሄድ ስል እግሬ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ምንም አላሉም። መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ማታ በወይራ ተጠብጥበን ስንወጣ ታክሲ ላሳፍራቸው በአቡነ ጴጥሮስ በኩል ወረድን። እዚያም ሌላ ጴጥሮስ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ፋሺስት ኢጣሊያ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በጥይት የገደላቸው ጳጳስ። ተገዙ ሲባሉ እምቢ አሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪው እንዳይገዙ አወገዙ። ይህን ልጅ ሁሉ በትምህርት ቤት ይማረዋል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ ቀን በፊት ያለው ነው። ከሰላሌ የተነሡ ተማሪ፣ ከዚያ መነኩሴ፣ ከዚያ መምህር፣ በ1921 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ። በጸሎት የቆሙባቸው ሌሊቶች ስንት ናቸው? ያስተማሩባቸው ቀናትስ? ማንም አልቆጠራቸውም። ሐምሌ 22 የወጣችው ግን ከእነዚያ ውስጥ ነው። ሐውልታቸው ለባቡሩ ሥራ በ2005 ተነሥቶ በ2008 ሲመለስ እማማ እልል ብለው ነበር። ዓርብም በአጠገቡ ስናልፍ ጎንበስ አሉ።

የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስም ክርስቶስን ስደብና እንልቀቅህ ሲሉት «86 ዓመት አገለገልኩት፤ ምንም ክፉ አላደረገብኝም» ነው ያለው። ሊያቃጥሉት ስላነደዱት እሳት ብዙ ይነገራል። እኔ 86ቱ ላይ እቀራለሁ። «እስከ ሞት ድረስ የታመንህ ሁን» የሚለው የራእይ ቃልም የተላከው ለዚያችው ለሰምርኔስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እስከ ሞት ሲባል ሰይፍና እሳት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ማክሰኞም ውስጡ እንዳለ ገባኝ። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ማክሰኞ። ለጸሎት ቆመን አፋችን የሚተሳሰርበት። ቢሮ ውስጥ ያልተገባ ደረሰኝ ላይ ፈርም ስንባል፣ ማንም በሌለበት፣ አልፈርምም የምንልበት።

ለዚህ ነው ከፋሲካ ማግስት የምሰጋው። ከዛሬ ጀምሮ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፣ ስግደት የለም። ደስታ ነው፤ ደስ ሊለን ይገባል። ግን በሰሙነ ሕማማት መቆሚያ የጠፋበት ግቢ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሲሳሳ አይቻለሁ። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ከጎደሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ይህን ከምታነቡ ወዳጆቼ መካከል ከደጁ የራቃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ጽፋችሁልኛል። የተቀየማችሁ አላችሁ፤ ያፈራችሁ አላችሁ፤ እንደ እኔ ሥራ የወሰዳችሁም አላችሁ። ተግሣጽ አልጽፍላችሁም። የባሕሩ ዳር ፍም ግን ዛሬም አልጠፋም። ዝናብም ቢሆን ምክንያት ይሁናችሁ፣ ግቡ። ሙስሊም ጎረቤቶቼ፣ ለሌሊቱ ትዕግሥታችሁና ከንጋት በፊት ለላካችሁልኝ መልእክት አመሰግናለሁ። ነገ ቡና እኛ ቤት ነው።

ቅድም ከቅዳሴ ስንወጣ በሩቅ ዶሮ ጮኸ። የጎረቤታችን አይደለም፤ የሱ ነገር ቅዳሜ አልቋል። ቤት እንደገባሁ ለእማማ ደወልኩ። «እንኳን አደረሰህ ልጄ። ፈሰክህ?» አሉኝ። ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ነው። ታክሲ መውረጃው ላይ እጠብቅዎታለሁ አልኳቸው።

«ዝናብ አይጠፋም ያን ቀን» አሉ።

«ጃንጥላውን እኔ ራሴ ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው።

መልካም የትንሣኤ በዓል።